መልስ፦ ቦኮር ሁለት ጊዜ የተተወው ለምንድን ነው?
ወንድሜ፣ «ካምቦዲያ ውስጥ ቦኮር ተራራ ላይ ያለውን ሆቴል ያወደመው ክመር ሩዥ (የአገሪቱ ኮሚኒስት ታጣቂ ቡድን) ነው ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ እነሱ ብቻ አይደሉም። ካምቦዲያን ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች ቦኮርን 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከዋና ከተማዋ ከፕኖም ፔን ሙቀት መሸሻ አድርገው ሠሩት፤ ሆቴሉ በ1925 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የተራራውን መንገድ የጠረቡት ግን የግዳጅ ሠራተኞች ናቸው፣ ብዙዎቹም እዚያው አልቀዋል፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1940ዎቹ መጨረሻ በኢንዶቻይና ጦርነት ተተወ፤ በ1962 ካዚኖ ተጨምሮለት እንደገና ተከፈተ፤ በ1972 ክመር ሩዥ ሲይዘው እንደገና ባዶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዋናው አጥፊ የተራራው ጉም ነው። እርጥበት ኮንክሪቱ ውስጥ ሲገባ ፌሮው ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ግድግዳውን ይሰነጥቃል። በፎቶዎቹ የምታየው ብርቱካንማ ቀለም ግን ዝገት ሳይሆን ግድግዳው ላይ የበቀለ ሕያው ሽፋን ነው። ሕንፃው ታድሶ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገና ሆቴል ሆኗል።