ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ የሚጠፋው ቴርሞስታት

ጥያቄ፦ «የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠር ስማርት ቴርሞስታት ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፤ በስልኬ አፕ ጥሩ ይሠራል። ቤት ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሆም አሲስታንት የተባለውን የስማርት ቤት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጭኜ ቴርሞስታቱን አገናኝቼዋለሁ። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ግን ሆም አሲስታንት ላይ ይጠፋል። ዕቃው ሆምኪት (የአፕል የስማርት ዕቃ መገናኛ) አለው ስለተባለ በዚያ በኩል በቀጥታ ላገናኘው ብሞክር ጭራሽ አያየውም። ሌላም አለ፤ ማታ 20 ዲግሪ ላይ አድርጌው እተኛለሁ፣ ስነቃ 17 ሆኖ አገኘዋለሁ። ምን ላድርግ?»

ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁት አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሦስት ችግር ተደራርቦ ነው የመጣብዎ። ሦስቱን ሳይለዩ አንዴ ይህን አንዴ ያንን መነካካት ነው ብዙውን ሰው ራውተር ሲያጠፋና ሲያበራ የሚያሳድረው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። «አገናኝቼዋለሁ» ያሉት ቴርሞስታት የተገናኘው ከኮምፒውተርዎ ጋር ሳይሆን ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ነው። ሆም አሲስታንት ላይ ያስገቡት የአምራቹን አካውንትና የይለፍ ቃል ከሆነ፣ «20 ይሁን» ያሉት ትእዛዝ ከቤት ወጥቶ፣ ሩቅ ያለ ሰርቨር ደርሶ፣ ተመልሶ መጥቶ ነው ሦስት እርምጃ ርቆ የተሰቀለው ዕቃ ላይ የሚያርፈው። አጠገብዎ ለተቀመጠ ሰው በፖስታ ቤት በኩል ደብዳቤ እንደመላክ ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ራውተሩን አያጥፉ፤ ወደ ውጭ የሚወስደውን የኢንተርኔት ገመድ ብቻ ይንቀሉ። ዋይፋዩ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ከሆም አሲስታንት ላይ ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ ከፍ አድርገው ግድግዳው ፊት ይቁሙ። ቁጥሩ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ከተቀየረ ግንኙነቱ የቤት ውስጥ ነው። ካልተቀየረ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ የክላውድ ነው፤ ማለትም በአምራቹ ሰርቨር በኩል ያልፋል። እኔ አዲስ ዕቃ ስሰቅል ከደንበኛዬ ቤት ሳልወጣ የማደርገው የመጨረሻ ሥራ ይኸው ነው።

ነገሩ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ሰዓት ብቻ የሚያስቸግር እንዳይመስልዎ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ለወጡት ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ትውልድ የኔስት ለርኒንግ ቴርሞስታቶች ድጋፉን ኦክቶበር 25 ቀን 2025 አቁሟል። ዕቃዎቹ ግድግዳ ላይ በእጅ ይሠራሉ፤ ከአፑ ግን ተቆርጠዋል። ኢኮቢ የተባለው ቴርሞስታት አምራች ደግሞ በ2024 አዲስ የዴቨሎፐር ቁልፍ (ሆም አሲስታንት ወደ አምራቹ ሰርቨር የሚገባበትን ፈቃድ) መስጠት አቆመ። ያን ጊዜ ቁልፍ ያልነበራቸው ሰዎች በሆምኪት በኩል ገብተው ያንኑ ቴርሞስታት ያለ ክላውድ መቆጣጠር ችለዋል። እርስዎ የጀመሩት መንገድም ይኸው ነውና አይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ፤ ለምንድን ነው የማያየው?

በዋይፋይ የሚሠራ የሆምኪት ዕቃ በቤቱ ኔትወርክ ላይ «እዚህ ነኝ፣ ስሜ እገሌ ነው» እያለ ይጣራል። ጥሪው ኤምዲኤንኤስ ይባላል፤ ወደ 224.0.0.251 አድራሻ በ5353 ፖርት ይላካል። የዚህ ጥሪ ጠባይ ከአንድ ኔትወርክ አጥር አለመውጣቱ ነው። ስለዚህ ቴርሞስታቱና ኮምፒውተሩ ሁለቱም ኢንተርኔት እያገኙ፣ ሁለቱም ከአንዱ ራውተር እየተጠቀሙ፣ እርስ በርስ ላይሰማሙ ይችላሉ።

አንድ ደንበኛ ቤት በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። ቴርሞስታቱን ፋክተሪ ሪሴት አደረግሁ፣ ሆም አሲስታንትን እንደገና ጫንሁ፣ ኮዱን አሥር ጊዜ ጻፍሁ። በመጨረሻ የራውተሩን ዝርዝር ስከፍት የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ ያለው መለያ ቁጥር) በ192.168.1 ይጀምራል፣ የቴርሞስታቱ በ192.168.5። ለካ መጀመሪያ የሰቀለው ሰው የዋናውን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ስላላወቀ በእንግዳ ዋይፋይ አስገብቶት ነበር! የእንግዳ ዋይፋይ ሥራው ደግሞ እንግዳውን ከቤተሰቡ ዕቃ መለየት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ሳልነካ በፊት ሁለቱን አይፒ ጎን ለጎን ጽፌ አያለሁ። እርስዎም ከዚያ ይጀምሩ።

የሁለቱ አይፒ አጀማመር አንድ ዓይነት ሆኖም ቴርሞስታቱ ካልታየ፣ ራውተሩ ውስጥ የዋይፋይ ዕቃዎችን እርስ በርስ የሚለያይ ምርጫ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። «አይሶሌሽን» የሚል ቃል ያለበት መስመር ካገኙ ያጥፉት። የስማርት ዕቃዎችን ሆን ብለው በተለየ ቪላን (ራውተሩ ለይቶ በሚያጥረው የኔትወርክ ክፍል) ያስቀመጡ ከሆነ አጥሩን ማፍረስ አይጠበቅብዎትም፤ ራውተሩ የኤምዲኤንኤስን ጥሪ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ምርጫ ካለው እሱን ያብሩ፣ ከኮምፒውተሩ ወደ ቴርሞስታቱ የሚሄደውንም ግንኙነት በፋየርዎሉ (በራውተሩ የግንኙነት ማጣሪያ) ላይ ይፍቀዱ። በነገራችን ላይ፣ ኮምፒውተሩ በ5 ጊጋኸርትዝ ወይም በገመድ፣ ቴርሞስታቱ በ2.4 መሆኑ ችግር አይደለም። ኔትወርኩ አንድ ከሆነ ይሰማማሉ።

ሆም አሲስታንትን በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የራሱ ሳጥን ውስጥ ለይቶ በሚያስኬደው መሣሪያ) ከጫኑት ሌላ ወጥመድ አለ። ኮንቴይነሩ «ሆስት» በሚባለው የኔትወርክ ዓይነት ካልተነሳ ጥሪው በሩ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ፖርት መክፈት ብቻውን አይበቃም።

ያለመታየቱ ሦስተኛው ምክንያት ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። ሆምኪት አንድ ባለቤት ነው የሚያውቀው። ቴርሞስታቱ ከዚህ በፊት በአይፎን የአፕል ሆም ውስጥ ገብቶ ከሆነ ለሌላ እጁን አይሰጥም። መጀመሪያ ከዚያ ያስወጡት። ከዚያ ሆም አሲስታንት ላይ «የተገኙ» በሚለው ስር ሲመጣ ባለ 8 አሃዙን ኮድ ያስገባሉ። ኮዱ ከዕቃው ጀርባ፣ ከመመሪያው ላይ ወይም ከራሱ ከስክሪኑ ይገኛል። ቴርሞስታቱ አስቀድሞ ዋይፋይ ውስጥ መግባት አለበት፤ በዚህ መንገድ ሆም አሲስታንት የሚፈልገው ኔትወርክ ላይ ያለውን ዕቃ ነው። ኮዱን ሲጨርሱ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት፤ ከግድግዳ ነቅሎ ጀርባውን እንደማንበብ የሚያናድድ ነገር የለም።

ዕቃዎ ማተር (የብዙ አምራቾች የጋራ የስማርት ዕቃ መገናኛ) ካለው ነገሩ ይቀላል። ማተር ከአንድ በላይ ተቆጣጣሪ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የአምራቹን አፕ ሳይለቁ፣ ከዚያው አፕ ላይ አዲስ የማጋሪያ ኮድ አውጥተው ለሆም አሲስታንት ይሰጣሉ። ኮዱ ለደቂቃዎች ብቻ ስለሚሠራ ሁለቱን ስክሪን ከፍተው ይጀምሩ። ራውተሩ ላይ አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) እንዳልጠፋም ያረጋግጡ፤ ማተር ያለሱ አይንቀሳቀስም። ዚግቢ ወይም ዚ-ዌቭ የተባለው የሬዲዮ ግንኙነት ያላቸው ቴርሞስታቶች ግን ከዋይፋዩም ከኢንተርኔቱም ነፃ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ ዶንግል ነው የሚያወሩት። ለወደፊት የሚገዙ ከሆነ የእኔ ምርጫ እነዚህ ናቸው። ዶንግሉን ብቻ ዩኤስቢ 3 ፖርት ላይ በቀጥታ አይሰኩት፤ ፖርቱ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ይረብሻል። በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ራቅ ያድርጉት።

የ17ቱ ዲግሪ ነገርስ? ማንም አልነካውም፤ ራሱ ቴርሞስታቱ ነው። በአፑ ውስጥ ሲገዙት የነበረ ወይም ራሱ የተማረው ፕሮግራም አለ፤ ሌሊት ሲሆን ወደ 17 ያወርደዋል። እርስዎ 20 ሲያደርጉት «እስከሚቀጥለው የፕሮግራም ሰዓት ድረስ» ብሎ ነው የተቀበለዎ። ሆም አሲስታንት ውስጥ ሎግቡኩን (የለውጦቹን መዝገብ) ይክፈቱና ሌሊት የተቀየረበትን ሰዓት ይዩ። ከጎኑ የእርስዎ ስምም የአውቶሜሽን (አስቀድመው የጻፉት፣ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ስምም ከሌለ ለውጡ ከዕቃው የመጣ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ደቂቃ ከሆነማ አያጠራጥርም።

መፍትሔው አንዱን አዛዥ መምረጥ ነው። ወይ የቴርሞስታቱን ፕሮግራም እንዳለ ትተው ከሆም አሲስታንት አያዝዙት፣ ወይ የውስጥ ፕሮግራሙን፣ «ሰው የለም» ብሎ የሚያወርደውንና ራሱን የሚያስተምረውን ክፍል ሁሉ አጥፍተው ሰዓቱን በሆም አሲስታንት ያስይዙ። እነዚህን ክፍሎች ማጥፋት የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ ከአምራቹ አፕ ወይም ከስክሪኑ ስለሆነ አፑን ለመሰረዝ አይቸኩሉ።

ሁለተኛውን ከመረጡ አንድ የቁጥር ወጥመድ ልንገርዎ። አንዳንድ ቴርሞስታት ስክሪኑ በሴልሺየስ እያሳየ ውስጡ በሙሉ ፋራናይት ያስባል። 20 ዲግሪ ልክ 68 ፋራናይት ስለሆነ ችግር የለም። 21 ግን 69.8 ነው፤ ዕቃው ወደ 70 ያጠጋጋውና ሲመለስ 21.1 ብሎ ይመልሳል። «21 ካልሆነ 21 አድርገው» የሚል አውቶሜሽን የጻፈ ሰው 21.1 ባየ ቁጥር እንደገና ይልካል፣ ዕቃው እንደገና ያጠጋጋል፣ ይህም ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ሲበልጥ ብቻ እንዲልክ ያድርጉት።

ከዚህ አልፈው ደግሞ ማሞቂያውን ራሱን ከሆም አሲስታንት ላብራና ላጥፋ እንዳይሉ። ብዙ ሰው ሁሉም ነገር በእጁ ከሆነ በኋላ ይህ ሐሳብ ይመጣበታል፤ እኔ አልስማማም። መቼ ይብራ መቼ ይጥፋ የሚለውን ለቴርሞስታቱ ይተዉለት፤ ከኮምፒውተሩ የሚላከው የሚፈለገው ዲግሪ ብቻ ይሁን። የማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር ከቆመ በኋላ ወዲያው መነሳት የለበትም፤ ቴርሞስታቱ ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል። ያንን ጥበቃ የእርስዎ አውቶሜሽን አያውቀውም። ኮምፒውተሩ ሌሊት አፕዴት ሲያደርግ ቢቆም ደግሞ ቴርሞስታቱ በመጨረሻ በነገሩት ዲግሪ ቤቱን ይዞ ያነጋል፤ ማሞቂያውን በቀጥታ የያዘው ኮምፒውተሩ ቢሆን ኖሮ ግን እንደበራ ሊቀር ይችላል።

ሁሉንም አስተካክለው አሁንም በየሰዓቱ የሚጠፋ ከሆነ ምናልባት ችግሩ ሽቦ ነው። በ24 ቮልት በሚሠሩ ሲስተሞች ላይ «ሲ» የሚባለው ሽቦ ካልታሰረ ቴርሞስታቱ ለዋይፋዩ የሚሆን ኃይል የሚሰርቀው ከማሞቂያው ወይም ከማቀዝቀዣው ሽቦ ነው፤ ማሞቂያው ሲነሳ ዋይፋዩ ይሞታል። ብሬከሩን አጥፍተው ፊቱን ይንቀሉት። ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ተጠቅልሎ የተተወ ትርፍ ሽቦ ያገኛሉ። ቀለሙን አይመኑ፤ ሌላኛው ጫፉ ማሞቂያው ላይ «ሲ» ውስጥ መግባቱን ይከተሉ። ከታሰረ በኋላ በ«አር» እና በ«ሲ» መካከል ቴስተሩ ወደ 24 ቮልት ኤሲ ማሳየት አለበት። ሽቦዎቹ ወፋፍራም ሆነው ካገኟቸው ግን አይንኩ፤ ያ 120 ወይም 230 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

የገመዱን ፈተና ሲያልፉ ቴርሞስታቱን ራውተሩ ላይ ከኢንተርኔት ማገድ ይችላሉ። እኔ ግን ለጥቂት ሳምንት ክፍት እተወዋለሁ፤ ፈርምዌሩ (የዕቃው ሶፍትዌር) ይታደሳል፣ ሰዓቱም ከኢንተርኔት ስለሚስተካከል አይዛነፍም። የአካውንቱን መንገድ ከሆም አሲስታንት ውስጥ ማጥፋት ግን አይርሱ፤ ሁለቱ አብረው ካሉ አንዱ ቴርሞስታት ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አውቶሜሽንዎም የተሳሳተውን ይዞ ሊቀር ይችላል።

አሁንም ካልታየ የዕቃውን ሞዴል፣ የሁለቱን አይፒ አድራሻ፣ ሆም አሲስታንትን በምን እንደጫኑትና የገመዱ ፈተና ምን እንዳሳየ ጽፈው ይላኩልኝ።