ጌም ስቱዲዮ ውስጥ ቪኤፍኤክስ (እንደ እሳት፣ ጭስና ፍንዳታ ያሉ የምስል ኢፌክቶች) መሥራት ምን ይመስላል? ለጠየቅሽው እህታችን

«ለሰርግና ለማስታወቂያ ቪዲዮ ሦስት ዓመት በአፍተር ኢፌክትስ ሠርቻለሁ፣ ጌም ስቱዲዮ መግባት እፈልጋለሁ፣ ያው ሥራ አይደለም ወይ? ኮምፒውተሬም ደካማ ነው» ብለሽ ነበር። ስቶክሆልም አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ስድስት ዓመት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ያው ሥራ አይደለም። ዓይንሽና የጊዜ አጠባበቅሽ በጣም ይጠቅሙሻል፣ አሠራሩን ግን እንደ አዲስ ነው የምትማሪው። ቪዲዮ ላይ ሬንደሩን (ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል የሚያወጣበትን ሥራ) አስነስተሽ ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ። ጌም ላይ ያ የለም። በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) የሚሄድ ጌም ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው 16.6 ሚሊሰከንድ ነው፣ እሷንም ገጸ ባሕርያቱ፣ መብራቱ፣ ጥላውና ፊዚክሱ ይሻሙሻል። ለኢፌክት ሁለት ሦስት ሚሊሰከንድ ከደረሰሽ ደስ ይበልሽ።

በገባሁ በአራተኛው ወር የሚቃጠል መጋዘን ሰጡኝ። ጭሱን ወደ 200 በሚጠጉ ትልልቅ ፓርቲክሎች (ተደራርበው ጭስ የሚመስሉ ስስ ምስሎች) ሠራሁት። ከሩቅ ያምር ነበር። ተጫዋቹ በሩን ከፍቶ ጭሱ ውስጥ ሲገባ ግን ጌሙ ይቆራረጣል። ሊዳችን (የቡድናችን መሪ) አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንሪል ኢንጂን (ጌሙን የምንሠራበት ሶፍትዌር) ላይ የሼደር ኮምፕሌክሲቲ እይታን ከፈተልኝ። ሼደር የፒክስሎቹን ቀለም የሚያሰላው ኮድ ነው፣ እይታው ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ በቀለም ያሳያል፤ አረንጓዴ ቀላል ነው፣ ቀይ ከባድ ነው፣ ነጭ ከሆነ አልቋል ማለት ነው። የኔ ጭስ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጎታል። እያንዳንዱን የጭስ ፓርቲክል እንደ ስስ ላስቲክ አስቢው፤ አርባ ላስቲክ ተደራርቦ ካሜራው ፊት ሲቆም ጂፒዩው (የግራፊክስ ቺፑ) አንዷን ፒክስል አርባ ጊዜ ይቀባታል። ኦቨርድሮው የሚባለው ይሄ ነው፣ የዚህ ሥራ ዋና ጠላት እሱ ነው።

ያዳነኝ ፍሊፕቡክ ነው፣ ተከታታይ ፍሬሞችን በአንድ ምስል ላይ ደርድሮ በየተራ ማሳየት ማለት ነው። ጭሱን ሁዲኒ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ሲሙሌት አድርጌ 8 በ8 አወጣሁት፣ 64 ፍሬም በአንድ ቴክስቸር (ምስል) ላይ ማለት ነው። እንቅስቃሴው ከምስሉ ስለመጣ 14 ፓርቲክል በቃኝ፣ ካሜራው ሲጠጋቸውም እየደበዘዙ እንዲጠፉ አደረግኩ። ሲጫወቱት ልዩነቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ለኔ ግን ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ጌም ላይ ኢፌክት ለተጫዋቹ መናገር አለበት። ምቱ ከየት መጣ? ለመሸሽ ስንት ሰከንድ አለኝ? የቱ ጋ ብቆም ያቃጥለኛል? አንድ ጊዜ መርዝ የሚተፋ አውሬ ነበረን፤ ጉሙን አረንጓዴና ወፍራም አድርጌ ሳምንት ሙሉ አሳመርኩት። ሙከራ ላይ ሰዎቹ ከጉሙ የወጡ እየመሰላቸው ይሞታሉ። አንዷ መቆጣጠሪያውን አስቀምጣ «እዚህ ጋ እኮ ወጥቻለሁ» እያለች በጣቷ ስክሪኑን ስትነካ አሁንም ትታየኛለች። ልክ ነበረች፣ ጫፉ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ጉሙን አሳሳሁት፣ መሬቱ ላይ አንድ ብሩህ ክብ መስመር ጨመርኩ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ኢፌክት መጀመሪያ በግራጫ ብቻ ነው የምሠራው፤ በግራጫ ካልተነበበ ቀለም አያድነውም። ብልጭታ ላይም አደራ፣ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበራና የሚጠፋ ትልቅ ብርሃን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ኮምፒውተሬ ደካማ ነው ላልሽው፣ አትጨነቂ። በደካማ ማሽን ላይ ሳይቆራረጥ የሚሄድ ኢፌክት መሥራት ራሱ ችሎታ ነው። አንሪልና ብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ሶፍትዌር) በነፃ ይወርዳሉ፣ ሁዲኒም ለመማሪያ የሚሆን አፕሬንቲስ የሚባል ነፃ ስሪት አለው። አንሪል ላይ ናያጋራን (የፓርቲክል ኢፌክት መሥሪያውን) ተማሪ፣ ከዛ ሼደር። አፍተር ኢፌክትስሽንም አትጣይው፣ ቴክስቸር ለማዘጋጀት እኔም እስካሁን እከፍተዋለሁ።

ለመጀመሪያ ሥራሽ ደግሞ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ዕጣኑን በስልክሽ በስሎው ሞሽን ቅረጪው። ከፍሙ ሲነሳ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ትንሽ ከፍ ሲል መጠማዘዝ ይጀምራል፣ ከዚያ ይበታተናል። ጀማሪ የሚሠራው ጭስ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ቀጣሪ ደግሞ ይሄን ወዲያው ያየዋል። ፖርትፎሊዮሽ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። አምስት ጥሩ ኢፌክት፣ ሁሉም ኢንጂኑ ውስጥ ሲሄድ የተቀረጸ።

ስለ ሥራ ገበያው አልዋሽሽም። በፈረንጆቹ 2023 እና 2024 ብዙ ስቱዲዮዎች ሠራተኛ ቀንሰዋል፣ እኛም ጋ አብረውኝ ምሳ የሚበሉ ሁለት ጎበዝ ልጆች በአንድ ቀን ሄዱ፣ አሁንም ያሳዝነኛል። ለጀማሪ ብሎ ከአዲስ አበባ ቪዛ የሚያስጨርስ ስቱዲዮ እኔ አላጋጠመኝም፤ እኔም የመጣሁት በትምህርት ነው። ስለዚህ በርቀት ከሚያሠሩ ትንንሽ ቡድኖች ጀምሪ።

ዕጣኑን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ ስታት ጂፒዩ (ጂፒዩው የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የአንሪል ትእዛዝ) የሚያሳይሽንም ቁጥር አብረሽ ጻፊልኝ። አይቼ የት ጋ እንደሚከብድ እነግርሻለሁ።