ሒሳብ አስተማሪ ለመሆን ለምትሰለጥኑ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ከሰላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁና አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን አራተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ሰሌዳ ላይ አውጥቼ 47፣ 38 እና 16ን ደምሪ አልኳትና ከግራ ጀመረች፣ 4 እና 3 እና 1 ብላ 8 ጻፈች። እኔ "ከቀኝ ነው የሚጀመረው!" ብዬ በዳስተር አጠፋሁባትና ራሴ ሠራሁት። ማታ ደብተሯን ሳርም ነው የገባኝ፣ 8ቱ አስሮች 80፣ አንዶቹ ደግሞ 21፣ ድምሩ 101፣ ልክ ነበረች። ዓመቱ እስኪያልቅ ግን እጇን አላወጣችም፣ ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። አሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሰልጣኞችን በሲሙሌሽን ያለማምዳሉ፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሰው ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሰልጣኙ የ"ልጁን" ወረቀት አስቀድሞ ያይና ለጥቂት ደቂቃ እየጠየቀ ያናግረዋል፣ ከዛ ሰልጣኙ ራሱ፣ ልጁ እንዴት አስቦ እንደሠራው ያስረዳል። ነገሩ ከሕክምና የተወሰደ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዶክተር ሃዋርድ ባሮውስ ጤነኛ ሰው እንደ በሽተኛ እንዲሆን አሰልጥነው የሕክምና ተማሪዎችን ፈትነውበታል።

ይሄማ ማይክሮ ቲቺንግ ነው፣ ማለትም ለጓደኞቻችን አጭር ትምህርት እያስተማርን የምንለማመደው ነው እንዳትሉኝ። ማይክሮ ቲቺንግ ላይ ጓደኞቻችሁ ተማሪ ሆነው ሲቀመጡ ሁሉን ያውቃሉ፣ ማርክ እንዳይቀነስባችሁም ይተባበራሉ። እዚህ ግን ተማሪ የሚሆነው ሰው ሕግ አለው፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ፣ ምን እንደገባው ምን እንዳልገባው ተጽፎ ተሰጥቶታል፣ ያልተጠየቀውን አይናገርም። ደግሞ ለሁሉም ሰልጣኝ አንድ አይነት "ልጅ" ነው የሚደርሰው፣ ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ልታስተምሩ ስትወጡ ግን አንዱ ጎበዝ ክፍል ይደርሰዋል አንዱ ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት፣ ታዲያ ማን ምን እንደቻለ በምን ይለያል? ስክሪን ላይ በአቫታር፣ ማለትም በኮምፒውተር በተሠራ ተማሪ የሚያለማምዱም አሉ፣ ሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው አይነት፣ እኔ ግን ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ወጪም የለው።

እኔም ጡረታ ልወጣ ስል ከሰልጣኞቼ ጋር ሞከርኩት። ያቺን ልጅ ሆኜ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቴ ላይ 8፣ ከጎኑ 21፣ ከታች 101። የመጀመሪያው ሰልጣኝ ገና ሳልናገር "ጎበዝ፣ አስሮቹን አስቀድመሽ ደመርሽ አይደል?" አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ አለቀ፣ የኔን ሀሳብ እሱ ተናገረልኝ። ሁለተኛዋ መልሱ ልክ መሆኑን እያየች ከቀኝ ጀምሮ በካሪ፣ ማለትም አስሩን ወደ ግራ እያሻገሩ እንዴት እንደሚሠራ ታስተምረኝ ጀመር። እንደኔ ማለት ነው፣ ዳስተር ብቻ አልያዘችም። ክፉ ሆነው እኮ አይደለም፣ መርዳት ስለቸኮሉ ነው።

እናንተም ዶርም ውስጥ ሦስት ሆናችሁ ሞክሩት፣ አንዱ በካርድ የተጻፈለትን ልጅ ይሁን፣ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ በስልክ ይቅረጽ። ስታዩት የራሳችሁን ንግግር ሳይሆን ከጠየቃችሁ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም እንዳላችሁ ቁጠሩ። ያን ቀን አምስተኛዋ ሰልጣኝ 8ቷ ላይ ጣቷን አድርጋ "ይቺ ስንት ናት?" አለችኝና ዝም አለች፣ እኔም ዝም፣ አላቋረጠችኝም፣ ቆየት ብዬ "ሰማንያ" አልኳት፣ "እንዴት አወቅሽ?" አለችኝ።