መልስ፦ ጭማቂው ሲመጣ የዶፓሚን ነርቮች ለምን ዝም ይላሉ?

ጥያቄው ስለዚህ ሙከራ ነው፦ ለጦጣ መጀመሪያ ምልክት (ለምሳሌ ብርሃን) ይሰጣታል፣ ቀጥሎ ጭማቂ፤ በዚህ መካከል ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚለቁ የአንጎሏ ነርቮች ምን ያህል እንደሚነቃቁ ይለካል። ጭማቂው ጣዕሙን አላጣም፤ የጠፋው ያልተጠበቀ መሆኑ ነው። «ጦጣዋ ምልክቱን ከለመደች በኋላ ጭማቂው ሲሰጣት ነርቮቹ ለምን አይነቃቁም?» ብለው የጠየቁት የሚፈታው፣ ነርቮቹ የሚያሳውቁት የሽልማቱን መጠን ሳይሆን በተገኘውና በተጠበቀው መካከል ያለውን ልዩነት መሆኑን ሲይዙ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ሹልትስ፣ ዳያንና ሞንታግ በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ማብራሪያም ይኸው ነው።

በቁጥር ይሞክሩት። ሽልማቱ 1፣ የመነሻ ግምቱ 0፣ የመማር ፍጥነቱ (በየዙሩ ከልዩነቱ ወደ ግምቱ የሚጨመረው ክፍል) 0.1 ይሁን። በመጀመሪያው ዙር ልዩነቱ 1 ስለሆነ ግምቱ 0.1 ይሆናል፤ በሁለተኛው ልዩነቱ 0.9 ነውና ግምቱ ወደ 0.19 ያድጋል፤ እንዲህ እያለ ግምቱ ወደ 1 ሲጠጋ ልዩነቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ምልክቱ ራሱ ግን መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ፣ መነቃቃቱ ወደ እርሱ ይሸጋገራል። የተጠበቀው ጭማቂ ከቀረ ደግሞ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ዋጋ ጨምሯል ብሎ ከአጋሮ ቡና ጭኖ ጅማ የገባ ነጋዴ የትናንቱን ዋጋ ሲነግሩት እንደሚከፋው ማለት ነው፣ ምንም እንኳ ትናንት በዚያው ዋጋ ደስ ብሎት ሸጦ ቢሆን።

እዚህ ጅማ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስመለከት ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን ልጨምር። ይህንኑ ስሌት እንደ ሞዴል ወስደው የሰዎችን ምርጫ ለማብራራት ሲሞክሩ፣ የመማር ፍጥነቱንና የምርጫውን መዋዠቅ (ሰውየው የተሻለ ከሚለው ምርጫ ምን ያህል እንደሚያፈነግጥ) ከአንድ ሰው ጥቂት ምርጫዎች በአንድ ላይ ሲገምቱ፣ አንዱ ቁጥር የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ ዳታዎን ከመንካትዎ በፊት፣ በሚያውቋቸው ቁጥሮች ሰው ሠራሽ ምርጫዎችን ፈጥረው ሞዴሉ እነዚያኑ ቁጥሮች መልሶ ማግኘቱን ያረጋግጡ።