ሕልም ፈቺ አይደለሁም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የቲቤቶችን የሕልም ዮጋ ከቪዲዮ ተምሬ ማታ ማታ እለማመዳለሁ፤ ጠዋት ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ። ሰሞኑን ጥርሶቼ እጄ ላይ ሲረግፉ ደጋግሜ አየሁ። እናቴ «ዘመድ ይሞታል» ብላ ደንግጣለች። በሕልም ዮጋ የጥርስ ፍቺው ምንድን ነው? ለመንፈሳዊ ሕይወቴስ ምን እያለኝ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ። ጥርስ ሲረግፍ ማየት በየአገሩ ሰው የሚያየው የተለመደ ሕልም ነው። ያየው ሁሉ ዘመድ የሚቀብር ቢሆን ኖሮ ዕድርተኛው ከድንኳን ባልወጣ ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን አንድ አድርገሻል። ሕልም ፈቺ ጥርሱን ይዞ «ምን ማለት ነው?» ይላል። የሕልም ዮጋ ተለማማጅ ግን ስለ ጥርሱ ፍቺ ግድ የለውም። የሚፈልገው ጥርሱ እየረገፈ ሳለ፣ እዚያው ሕልሙ ውስጥ፣ «እያለምኩ ነው» ብሎ ማወቅን ነው።

ትምህርቱ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሕንዳዊ መምህር በናሮፓ ስም ከሚጠሩት ስድስት ዮጋዎች (መንፈሳዊ ልምምዶች) አንዱ ነው። ተርጓሚው ማርፓ ከሕንድ ወደ ቲቤት አሻገረው፤ ከእርሱም ወደ ደቀ መዝሙሩ ሚላሬፓ ተላለፈ። ቦን የሚባለው የቲቤት ነባር ሃይማኖት ተከታዮችም የራሳቸው የሕልም ዮጋ አላቸው። ሥራው የሚጀምረው ማታ ሳይሆን ቀን ነው። ጠመኔውን ስታነሺ፣ ተማሪ ሲያስቸግርሽ፣ ርእሰ መምህሩ ሲቆጡሽ «ይህም ሕልም ነው» እያልሽ ትውያለሽ። ለአፍ ብቻ ከሆነ ምንም አይጠቅምም፤ ቁጣሽ በዚያው ቅጽበት ትንሽ ካልላላ ገና አልያዝሽውም። ማታ ተለማማጆቹ ቡድሃ ሲሞት እንደተኛው በቀኝ ጎን ተኝተው፣ ሐሳባቸውን ጉሮሯቸው ላይ በሚስሉት ቀይ የሎተስ አበባና በመካከሉ ባለች ፊደል ላይ አሳርፈው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ሕልም መሆኑን ካወቁ በኋላ አይሸሹም። እሳት ከሆነ ይገቡበታል፣ ውኃ ከሆነ ይራመዱበታል፣ አንዱን ነገር ብዙ፣ ትንሹን ትልቅ ያደርጉታል። አንቺም ጥርስሽ ሲረግፍ ካወቅሽ ይርገፍ፤ ሠላሳ ሁለቱን ሦስት መቶ አድርጊያቸውና አብረሽ አፍሺ። አእምሮ የሠራው ነገር ለአእምሮ እንደሚታዘዝ በገዛ እጅሽ ስታዪ ፍርሃቱ ጉልበት ያጣል። ቲቤቶች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። በሞትና በሚቀጥለው ልደት መካከል ባርዶ የሚሉት ጊዜ አለ፤ ያኔ የሚመጡትን አስፈሪ ራእዮች የራስ አእምሮ ሥራ መሆናቸውን ለይቶ ለማወቅ ነው ይህ ሁሉ ድካም። ለሞት መዘጋጃ ነው። ቪዲዮዎቹ «በሕልምህ ብረር» ብለው እዚያው ላይ ማቆማቸው የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ቲቤቶች ሕልም አይፈቱም ማለቴ ግን አይደለም። ሕንድ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ቦድ ጋያ በምትባል ከተማ የቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ዳላይ ላማ ካላቻክራ የሚባለውን የመንፈሳዊ ምረቃ ሥርዓት ሲሰጡ ከሕዝቡ መካከል ነበርኩ። በዋዜማው ኩሻ የሚባል፣ መጥረጊያ የሚሠራበትን የመሰለ ደረቅ ሣር ታደለን። ረጅሙ ከፍራሽ ሥር፣ አጭሩ ከትራስ ሥር ይደረግና የዚያ ሌሊት ሕልም ይመረመራል፤ ክብደት የሚሰጠው ጎህ ሲቀድ ለሚታየው ነው። ክፉ ያየ ሰውም ጸሎቱን ደግሞ፣ ሕልሙ ባዶ መሆኑን አስቦ እንዲተወው ይነገረዋል እንጂ ጠንቋይ ፍለጋ አይላክም። እኔ የጥናት አማካሪዬ ሲቆጡኝ ነበር ያደርኩት። ማንም እንደ ምልክት አልቆጠረልኝም፤ ልክ ነበሩ።

አብዛኛው ሕልም የቀን ውሎና የልማድ ቅሪት ነው ይላሉ ቲቤቶች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፈ መክብብ ሕልም ከሥራ ብዛት እንደሚመጣ ይናገራል፤ መጽሐፈ ሲራክ ሕልም የሚያምነውን ሰው ጥላ ከሚይዝና ነፋስ ከሚያሳድድ ጋር ያመሳስለዋል። ሙስሊም ጎረቤቶቼም ክፉ ሕልም ያየ ሰው ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ብሎ፣ ጎኑን ቀይሮ፣ ለማንም ሳያወራ እንዲተወው በሐዲስ መታዘዙን ነግረውኛል። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚባለውን ደግሞ እናትሽም ያውቁታል፤ እንግዲያው ደግ ደጉን ይፍቱልሽ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ቀልዴን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 እስራኤል ውስጥ የተሠራ ጥናት የጥርስ ሕልም ከጭንቀት ይልቅ፣ ጠዋት ሲነቁ ጥርስና ድድ ላይ ከሚሰማ ውጥረት ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። ሌሊት ጥርስሽን ታፋጪ ይሆናል። ሐኪሙ ደህና ነሽ ካለሽ ደብተርሽን አውጪና ከሕልሙ ምስል ይልቅ ስሜቱን ጻፊ፦ አፍረሽ ነበር? ፈርተሽ? ወይስ ቀለለሽ? ከዚያ ያው ስሜት ባለፈው ሳምንት ቀን ላይ የት እንዳገኘሽ ፈልጊ። እኔ የማውቀው የሕልም ፍቺ ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ከአንቺ በቀር የሚፈታልሽ የለም።

ጥያቄ፦ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሌሊት 6 ሰዓት ተኝቼ 11 ሰዓት እነሣለሁ። እያወቁ ለማለም ሌሊት በደወል ተነሥቶ መልሶ መተኛት ይረዳል ሲሉ ሰምቼ 9 ሰዓት ላይ መነሣት ጀመርኩ። አሁን ዱካክ ይጫነኛል። ነቅቼ ሳለሁ እጄ አይታዘዘኝም፤ ደረቴ ላይ ሰው ይቀመጣል። መንፈስ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደወሉን ዛሬውኑ አጥፊው። ያ ዘዴ ጠግቦ ለሚተኛ ሰው የተሠራ ነው። አንቺ ካለሽ አምስት ሰዓት ላይ ቆርሰሽ የምትሰጪው ነገር የለሽም።

የሚደርስብሽ ነገር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የቺካጎ ተመራማሪዎች፣ ዓይን ከቆቡ ሥር ፈጥኖ የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል መኖሩን ይፋ አደረጉ። አብዛኛውን ግልጽ ሕልም የምናየው ያኔ ነው፤ ወደ ንጋት ሲሆን ደግሞ ይረዝማል። በዚያ ሰዓት በሕልም የምናደርገውን ተነሥተን በአካል እንዳናደርገው አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ዓይንና መተንፈሻ ብቻ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ አገር ሃል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ እያለመ መሆኑን አውቆ፣ በተስማሙበት መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ በማንቀሳቀስ ምልክት መስጠት የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና አካል ሳይፈታ ይዘገያል፤ የሕልሙም ምስል ሳይጠፋ ክፍሉ ውስጥ ይቆማል። ዱካክ የምንለው እርሱን ነው። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያብሱታል። ሲመጣብሽ መላ አካልሽን ለማንሣት አትታገዪ፤ የአንድ ጣት ጫፍ ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ፣ በዝግታ ተንፍሺ፣ ያልፋል።

ጸበልም ጸሎትም ከፈለግሽ ማን ይከለክልሻል። የእረፍት ቀን ካለሽ ግን ተኚበት። የቀኑ ልምምድ ከእንቅልፍሽ ስለማይወስድ፣ ሳህን እያጠብሽ «ይህም ሕልም ነው» ማለት ትችያለሽ፤ ከሥራሽ አንጻር ክፉ ሐሳብ አይመስለኝም። ሕልሙን መቀጠል እየፈለግሽ ሌሊቱ የሚያስፈራሽ ከሆነ ደግሞ ሕልሙን ተዪው።

ጥያቄ፦ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። የሕልም ዮጋ ብለማመድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ የእኔ ሥልጣን አይደለም። የማውቀውን ልንገርህ። በቲቤት ይህ ትምህርት ከመምህር፣ ከቃል ኪዳንና ከሥርዓት በኋላ የሚሰጥ ነው። «ሃይማኖት የለውም፣ ዝም ብሎ ልምምድ ነው» የሚሉህ ሰዎች አንተንም ቲቤቶችንም አላከበሩም። ጠዋት ሕልምን መጻፍ ግን የማንም ሃይማኖት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከመርካቶ ነኝ። ነጭ እባብ በሕልሜ አየሁ። ሎተሪ ልቁረጥ?

መልስ፦ እባቡ የዕጣ ቁጥር ነግሮዎት ከሆነ ይቁረጡ። ካልነገረዎት ገንዘብዎን ይያዙ።