ቺንጋው ከተበጠሰ አምስት ወር ሆነው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ አልመጣልኝም። ከእናቴ ጋር ሻይ ቤት ከፈትን፤ ሰው ሲለምደን አከራዩ “ቤቱን እፈልገዋለሁ” ብሎ አስወጣን። ሠላሳ ጫጩት ገዛሁ፤ ፈንግል ገባና በአንድ ሳምንት አለቁ። በመጨረሻ በዕቁብ ብር በእግር የሚሠራ የልብስ ስፌት መኪና ገዝቼ ልብስ ማጥበብ፣ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ጀመርኩ። ደኅና ይዞልኝ ነበር። ከዚያ ቺንጋው ተበጠሰ። ይኸው አምስት ወር ሆነው። ውድ ነገር አይደለም፤ ገበያ ውስጥ እንዳለም አውቃለሁ፤ ግን አልሄድም። መኪናውን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ፤ እናቴ አሁን ሰፌድ ታስቀምጥበታለች። እናቴ “ዕድሏ ነው” ትላለች፤ ታላቅ ወንድሜ “ስንፍና ነው” ይላል። እኔ ግን ልነሣ ስል “ከዚያስ ምን ሊሆን ነው?” እላለሁና ተመልሼ እቀመጣለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ለሰፌዱ ስል ነው። ሰው የተወውን ሥራ መጀመሪያ ይሸፍነዋል፤ ቀጥሎ ዕቃ ይደረድርበታል፤ ከዚያ በኋላ መኪናነቱ ቀርቶ ጠረጴዛ ይሆናል። የእኔም ቤት እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አጥቶ አያውቅም።

ወንድምሽ ተሳስቷል። ሰነፍ ሰው ሻይ ቤቱን ተነጥቆ ጫጩት አይገዛም፤ ጫጩቱ አልቆበት ዕቁብ አይገባም። ስለ ዕድል ከእናትሽ ጋር አልሟገትም፤ ነገር ግን ቺንጋ የሚበጠሰው ቆዳው ሲደርቅ ነው።

የአንቺን ነገር የሥነ ልቦና ሰዎች ቀድመው አይተውታል። በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን በውሾች ላይ ጭካኔ ያለበት ሙከራ አደረጉ። ሁለት ውሾች እኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። አንደኛው በአፍንጫው ሰሌዳ ሲገፋ ንዝረቱ ይቆማል፤ ሁለተኛው ግን ቢገፋም ቢጮህም የሚቆምለት የመጀመሪያው ሲያቆመው ብቻ ነው። በማግስቱ በቀላሉ ሊዘለል በሚችል መከለያ ለሁለት የተከፈለ ሣጥን ውስጥ አስገቧቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ዘሎ አመለጠ። ከሁለተኛው ዓይነት አብዛኞቹ እያለቀሱ ተኙ። ሕመሙ እኮ እኩል ነበር፤ የለያያቸው “ያደረግሁት ነገር ለውጥ አመጣ” ማለት መቻልና አለመቻል ብቻ ነው። ይህንንም በልምድ የመጣ አቅመ ቢስነት አሉት። ፈተናውን፣ አከራዩንና ፈንግሉን ደርድሪያቸውና እይው፤ አንቺ ስትገፊው የኖርሽው ሰሌዳ ከምንም ጋር አልተያያዘም ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ውሾቹ እንዴት እንደዳኑ ነው። ከወዲያ ማዶ ሆነው ጠሯቸው፤ አልተነሡም። መከለያውን አነሡላቸው፤ አልተነሡም። በመጨረሻ በገመድ እየጎተቱ ደጋግመው አሻገሯቸው። በመጀመሪያ እንደ ሬሳ ከብደው ነበር፤ እየዋለ እየቀለሉ ሄዱና ኋላ ያለ ገመድ ራሳቸው ተሻገሩ። ሁለቱ ሰዎች ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2016፣ የራሳቸውን ሐሳብ ገልብጠው ጻፉ፦ መከራ ሲበዛ መተኛት የተፈጥሮ ነው፣ ማንም አይማረውም፤ አንጎል የሚማረው “በእጄ ነው” ማለትን ነው። ስለዚህ የተበላሸ ነገር የለብሽም። አንድ ትምህርት ደብዝዞብሻል፤ እሱም በምክር አይመለስም፣ የእኔንም ምክር ጨምሮ።

ይህን ያየሁት በቤታችን ነው። ያደግሁት ጮቄ ሥር ነው። ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን የወረሰው የገብስ ማሳ በየዓመቱ እያነሰ፣ ቡቃያው እየቀጨጨ ሄደበት። ማዳበሪያ ጨመረ፤ ለውጥ የለም። “መሬቱ ደክሟል፣ እኔም ደክሜያለሁ” ብሎ ማረሙን ተወ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ “አፈሩ ኮምጥጧል፤ ኖራ ያስፈልገዋል” ስትለው እንደ ተረት ሰማት። የጎጃም ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ አሲዱ ሥሩን ያቀጭጨዋል፣ ማዳበሪያውም በሚገባ አይይዝለትም። ወንድሜ ይህ ሁሉ ተነግሮት ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚውለው። ሚስቱ አላባበለችውም። አንድ ቀን ማለዳ የኖራውን ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለችበትና ከፊት ፊት ሄደች። ከመዝራቱ አንድ ወር ቀደም ብለው ከጓሮ ያለችውን ጠባብ ትልም ብቻ ኖራ በተኑባት፣ ከአፈሩ ጋር አዋሐዱት። ቡቃያው ሲነሣ ትልሟ ከሩቅ ትለይ ነበር። ወንድሜ ዳር ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያት፤ ምንም አልተናገረም። በዓመቱ ግን ስለ ኖራ የልማት ጣቢያዋን በር ሲያንኳኳ የቀደመው ሰው የለም።

እንግዲህ “ስንፍና ነው” የሚለውን ወንድምሽን ሥራ ስጪው። ቅዳሜ መጥቶ እጅሽን ይዞ ገበያ ይውሰድሽ። ስሜቱ እስኪመጣልሽ አትጠብቂ፤ ስሜቱ የሚመጣው ከኋላ ነው። የተበጠሰውን አሮጌ ቺንጋ ለልክ ያዢው። ስትመለሺ አዲሱን ከታች በትልቁ ጎማ፣ ከላይ በትንሹ አዙሪውና ሳቢው፤ ከልክ በላይ ከወጠርሽው ፔዳሉ ይከብድሻል። ከዚያ ቁረጪው፣ ሁለቱን ጫፎች በወስፌ ብሺ፣ የሽቦ መያዣውን አስገቢና በፒንሳ ጠፍጥፊው። ሲላላ ጥፍር ታህል ቆርጠሽ መልሰሽ ማያያዝ ነው። አምስት ወር የቆመ መኪና ደርቋልና የመኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጊበት። የምግብ ዘይት እንዳይሆን፤ እኔ አንድ ጊዜ አድርጌው እንደ ሙጫ አጣብቆብኝ ያውቃል።

መጀመሪያ የሰው ልብስ አትቀበዪ። የቤታችሁን የተተረተረ አንሶላ ስፊ። ቀጥ ያለ ስፌት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤ እግርሽ ሲረግጥ መርፌው ይወርዳል፣ ስታቆሚ ይቆማል። ለጊዜው የምፈልግልሽ ይህንን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልለይልሽ። መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሳይቆም ሲቀር፣ ክር ሲወደድ ያ በአንቺ እጅ የለም። ሰሞኑን በአካባቢያችን የዚህ ዓይነቱ ነገር በዝቷል፤ “ጠንክሪ” እያለ ይህንን ሁሉ በአንቺ ላይ የሚጭን ሰው ቢመጣ አትስሚው። እንዲህ ባለው ቀን መቀመጥ አቅመ ቢስነት አይደለም። መንገዱ ሲከፈትም ተቀምጠሽ ከዋልሽ ግን ያኔ ገመድ የሚይዝልሽን ሰው ጥሪ።

እንቅልፍሽና ምግብሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተዛባ፣ ወይም “ባልኖርስ” የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቅዳሜን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪያትና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበሉንም አልከለክልሽም፤ ሁለቱም መንገድ ላይ አይጣሉም።

ሰፌዱ ግን ዛሬ ማታ ይነሣ። እናትሽ ቦታ አጣሁ ብትል ግድግዳው ላይ ምስማር ምቺላት።