ጎጃም ላይ ለማረስ ላሰባችሁ፦ ከትራክተሩ በፊት

የብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ የትራክተር ነው፤ ስንት የፈረስ ጉልበት፣ የየት አገር ሥሪት? ትራክተሩን የመጀመሪያውን ክረምት በኪራይ ተወጡት። ገንዘቡም ሐሳቡም መጀመሪያ መዋል ያለበት መሬቱና አፈሩ ላይ ነው።

መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም፤ በእጃችሁ የሚገባው ውል ብቻ ነው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው የውጭ ዜጋ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መስተናገድ ይችላል። ከአርሶ አደር የምትከራዩ ከሆነ የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖሩን እዩ፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ውሉም በወረዳው መሬት አስተዳደር ይመዝገብ። ባል ብቻውን የፈረመው ውል ብዙ ሳይቆይ ያጣላል።

ካርታ ላይ "ባዶ" የተባለውን መሬት በጥር ወይም በየካቲት ከሽማግሌዎች ጋር በእግራችሁ ዙሩት። ክረምት ላይ ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ ምንም አይታይም። በበጋ ግን የቀበሌው ከብት የት እንደሚውል፣ ወደ ምንጩ የሚወርደው የእግር መንገድ በየት እንደሚያልፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጥር ከመምታታችሁ በፊት የከብቱን መተላለፊያ ለይታችሁ ተዉት። የተዘጋ መንገድ በሌሊት ይከፈታል፤ ከዚያ ዘበኛ ትቀጥራላችሁ፣ ቀጥሎ ለዘበኛው ዘበኛ።

አፈሩ ላይ ቆም እንበል። ከቡሬ እስከ እንጅባራና ዳንግላ፣ በምሥራቅም ጮቄ ተራራ ሥር ያለው ደጋ ቀይ አፈሩ በዝናብ ሲታጠብ የኖረ ነውና ብዙው አሲዳማ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ የጨመራችሁት ፎስፈረስም አፈሩ ይዞት ለሰብሉ አይደርስም። ያን ጊዜ ሰው "ማዳበሪያው ተበላሽቷል" ይላል። ናሙና ስትወስዱ በማሳው ላይ እየተጠማዘዛችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፣ በንጹሕ ባልዲ አደባልቁና አንድ ኪሎ ያህል ያዙ። ከበረት አጠገብ፣ ከኩይሳና ከዛፍ ሥር አትውሰዱ፤ ተዳፋቱንና ሜዳውን ለየብቻ ያዙ። ላቦራቶሪው ፒኤች ብቻ ሳይሆን ተለዋዋጭ አሲዱንም (በአፈሩ ቅንጣት ላይ የተያዘውን አሲድ) ይለካላችሁ፣ አሲዱን የሚያበርደው የኖራ መጠን የሚሰላው ከእሱ ነውና። ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይወጣል። ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ይገላበጥ፤ ላዩ ላይ የቀረ ኖራ እምብዛም ሥራ አይሠራም።

ለምሳሌ ለ30 ሄክታር በ30 ኩንታል ስሌት 900 ኩንታል ኖራ ይሆናል። ከዱቄቱ ይልቅ የሚከብደው ጭነቱ ነው። መኪና ካቆማችሁ አይቀር የጎረቤቱን ገበሬ አብራችሁ ጫኑለት፤ ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ በዚሁ ስሌት ሰባት ኩንታል ተኩል ይበቃዋል። ዋጋውን ከምርቱ ይክፈላችሁ። ለቀበሌው ትምህርት ቤት ለመሥራት ከመቸኮል ይኼ ይቅደም፤ ገበሬው ጥቅሙን በሚቀጥለው ኅዳር በዓይኑ ያየዋል።

በቆሎ ከሆነ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፤ ዘሩ በሄክታር 25 ኪሎ። ድቅል ዘር በየዓመቱ ይገዛል፤ ከጎተራ የተመለሰው ምርቱ ይወርዳል። ዩሪያውን ከፋፍላችሁ ስጡ፤ ሁለተኛው ዙር በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከሽልሻሎው (በመስመሮቹ መካከል በበሬ ከሚደረገው እርሻ) ጋር ቢገጥም ጥሩ ነው። ሽልሻሎው አረሙንም ይገለብጣል፣ ዩሪያውንም አፈር ያለብሰዋል። አፈር ሳይለብስ ላዩ ላይ ተበትኖ የዋለ ዩሪያ ተንኖ ይሄዳል።

የሥራ ቀን ስትቆጥሩ ከ30 አትነሡ። ከሰንበት ሌላ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ አለ፤ እንደ ደብሩ ሌላም ይጨመራል። አረም በሚበረታበት በሐምሌ ደግሞ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ 7 ሥላሴ፣ 19 ገብርኤል ይውላሉ። የቀበሌውን የበዓል ዝርዝር ከካህናቱ ተቀብላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በክፍት ቀናት የሰው ቁጥር አብዙ። "ትራክተር በዓል አያውቅም" ብሎ በሚካኤል ያረሰ ሰው፣ በሳምንቱ በረዶ ከወረደ የማን ጥፋት እንደሚባል አይጠፋውም። ደመወዝ በገበያው ዋዜማ ይከፈል። በዘመድነት ብቻ ሥራ አስኪያጅ አትሹሙ፤ ሲያጠፋ ማሰናበት የማትችሉትን ሰው አትቅጠሩ።

ከአጨዳ በኋላ አገዳው የማን ነው? ይኼ ከመዘራቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ሁለት እጁን ለሰፈሩ ከብት፣ አንድ እጁን ለአፈሩ መተው ያስኬዳል። መፈልፈያ ማሽናችሁንም ሥራ ሲፈታ ለጎረቤት በመጠነኛ ክፍያ አከራዩ።

በቆሎው ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት የጨው ሙከራ አድርጉ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ ጥቂት ደቂቃ በደንብ ናጡ፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው፤ ካልተለጠፈ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው እስከ 13 በመቶ ይድረቅ። እርጥቡ ከሻገተ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ያመጣል፤ ነቀዝ ለመከላከል ደግሞ አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢት ተጠቀሙ።

ከገበሬ ጋር በውል የምታመርቱ ከሆነ፣ ዋጋው በገበያ ሲወጣ ምርቱን ለነጋዴ የሚሸጥባችሁ ሰው ይኖራል። አብዛኛው ክፋት አይደለም፤ የማዳበሪያ ዕዳ ቀድሞ ይጠየቃል፣ የእናንተ ገንዘብ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ምርቱን ስትረከቡ የዋጋውን ግማሽ በእጁ፣ ቀሪውን በተቆረጠ ቀን ስጡት፤ የውሉም ዋጋ ከገበያው ጋር የሚንቀሳቀስ ይሁን።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበትን ጊዜ አብዝቷል። ስለዚህ ማዳበሪያና ዘር እስከ ሚያዝያ መጋዘን ይግባ፣ መጋዘኑም ገዢ ለወራት ባይመጣ ሙሉውን ምርት የሚይዝ ይሁን፤ ባንክና ኔትወርክ ሲቋረጥም የቀን ሠራተኛው ደመወዙ እንዳይዘገይ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።